ቁልቁለቱ ብድር፥ ዳገቱ ክፍያ

በመጸው ወራት ከአሥመራ ወደ ምጽዋ ስለሚደረግ የጓደኛሞች የብስክሌት ጉዞ

የደጋው ክረምት ወጥቶ የመስቀል አበባ ሜዳውን ቢጫ ባለበሰው ጊዜ፥ ከአሥመራ በስተምሥራቅ ያለው መንገድ ሰውን ይጠራል። ሰማዩ ጠርቷል፤ ጭቃው ደርቋል፤ ገብሱም ለአጨዳ ተቃርቧል። ከከተማው ዳርቻ ጥቂት እልፍ ሲሉ ደጋው በአንድ ጊዜ ይቈረጣል። ከዚያ በታች ገደል፥ ከገደሉ በታች ኰረብታ፥ ከኰረብታው በታች በረሓ፥ በበረሓውም ዳር ቀይ ባሕር አለ። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ፥ እስከ ምጽዋ ያለው የመኪና መንገድ ግን 115 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ድንኳንና ስንቅ ከብስክሌት ኋላ አስሮ ከጓደኞች ጋር መውረድ፥ በመንገድ ማደር፥ ባሕሩንም አይቶ መመለስ ትልቅ ደስታ ነው። በአገሩ «በሁለት ሰዓት ሦስት ወቅት» የሚባለው አባባል በመኪና ለሚወርድ ሰው የተነገረ ነው። በብስክሌት የሚወርድ ሰው እነዚያኑ ወቅቶች በሁለት ቀን ቀስ ብሎ ይቀበላቸዋል፤ ጠዋት በደጋ ብርድ እጁ ደንዝዞ የተነሣው ሰው ማምሻውን ኮቱን አውልቆ በቈላ ጥላ ይፈልጋል።

ሆኖም ጉዞው የራሱ ሒሳብ አለው። ከአሥመራ የሚነሣ ሰው ፔዳሉን እምብዛም ሳይረግጥ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የሄደውን ያህል ግን ዕዳ ይገባል። ዕዳውም የሚከፈለው በመመለሻ፥ ጉልበት በደከመበትና ስንቅ ባለቀበት ሰዓት ነው። ነጋዴ ገንዘብ ከመበደሩ በፊት የመክፈያውን ቀን ያስባል፤ በጀት የሚያዘጋጅ ሹምም ገቢውን ብቻ አይቶ ወጪውን አይረሳም። የዚህም ጉዞ ብልሃት እንደዚሁ ነው፤ መመለሻው ከመነሻው በፊት ይቈጠራል።

ወራቱን ስለ መምረጥ

ይህ አገር ሁለት ልዩ ልዩ ክረምት አለው። ደጋው ዋናውን ዝናም የሚያገኘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የምሥራቁ ገደልና የባሕሩ ጠረፍ ግን ዝናም የሚጥልላቸው ደጋው በጋ በሆነበት ጊዜ፥ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ወራት ነው። ያን ጊዜ ከቀይ ባሕር የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ይሆናል፤ ጉሙም በነፋሲትና በአርባሮባ መካከል ባለው መንገድ ላይ ይተኛል። ከከተማው ዳር ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው እርሱን ፀሓይ እየሞቀው ከእግሩ በታች ነጭ የደመና ባሕር ተዘርግቶ ያያል። ትርኢቱ እጅግ ያማረ ነው፤ በዚያ ደመና ውስጥ በብስክሌት ለሚሄድ ሰው ግን ዓሥር ርምጃ የማያሳይ መጋረጃ ነው።

እንግዲህ ለጉዞው የሚመቸው ጊዜ በሁለቱ ክረምቶች መካከል ያለው ጠባብ በር ነው። በመስቀል ሰሞን ደጋው ቢያምርም የምጽዋ ሙቀት ገና አይበርድም። ኅዳር ከገባ በኋላ ደግሞ የታችኛው አገር እየለመለመና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ገደሉ በጉምና በካፊያ ይያዛል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም ያመልጣል። ይሁን እንጂ ጉም ቀጠሮ አያከብርምና፥ መብራትና የሚያንጸባርቅ ልብስ ሳይዙ መውረድ አይገባም።

መንገዱ ያስከፈለው ዋጋ

ይህ ዳገት ሸክምን በቀላሉ አሳልፎ አያውቅም። የባቡሩ ሐዲድ ሥራ ከምጽዋ የተጀመረው በ1887 ሲሆን፥ (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፥ ጊንዳ የደረሰው በ1904፥ አሥመራ የደረሰው ደግሞ በ1911 ነው። ከጊንዳ በላይ ያለው የሐዲዱ ክፍል ከጠቅላላው 118 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ያነሰ ሆኖ ሳለ ሰባት ዓመት ፈጅቷል። ዳገቱን ለማስማማትም ሐዲዱ በጠባቡ፥ በ95 ሳንቲ ሜትር ስፋት ተሠራ። ይህም አልበቃ ብሎ በ1937 ከምጽዋ እስከ አሥመራ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ዕቃ የሚያመላልስ የአየር ላይ ገመድ፥ ቴለፈሪካ የተባለው፥ ሥራውን ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ እንግሊዞች ነቅለውታል። ሐዲዱና ገመዱ ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣ እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ አለው።

ብስክሌት ወደ አገሩ የገባው ከኢጣልያኖች ጋር ነው። በቅኝ ግዛቱ ዘመን የአገሩ ተወላጆች ከኢጣልያኖች ጋር እንዲወዳደሩ አይፈቀድላቸውም ነበር። በ1939 ግን እንዲወዳደሩ በተፈቀደበት ጊዜ ገብረማርያም ገብሩ ቀድሞ በመግባት አሸነፈ፤ ያ ድል የተነፈገው ዕድል እንጂ ጉልበት እንዳልነበረ አሳየ። በ1946 የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር ውድድር ተደረገ። በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖት በፈረንሳይ ዙር የተራራ ወጪዎችን ነጠብጣብ ማልያ ለመልበስ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። በ2024 ደግሞ የአሥመራው ተወላጅ ቢንያም ግርማይ በዚያው ውድድር ሦስት ቀን ቀድሞ ገብቶ አረንጓዴውን ማልያ ወሰደ። ነገር ግን አገሩ ጀግና ብስክሌተኞች አሉት ማለት ብስክሌት ያለው ሁሉ ዳገቱን ይችለዋል ማለት አይደለም። ለሽርሽር የሚወጣ ሰው የሚለካው በራሱ ሳንባና በራሱ ጉልበት ነው።

ጓዝን ስለ መካፈል

ለምሳሌ ያህል አምስት ጓደኛሞች ይታሰቡ። አንዱ ዕድሜው ገፋ ያለ የጨርቅ ነጋዴ፥ ሁለተኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሓፊ፥ ሦስተኛው መምህር፥ አራተኛው ብስክሌት ጠጋኝ፥ አምስተኛው የነጋዴው የእኅት ልጅ የሆነ ተማሪ ነው። የመጀመሪያው ክርክር የሚነሣው ገና ከከተማ ሳይወጡ ነው። ተማሪው፥ «እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ፤ ማንም በማንም ላይ ሸክም አይሁን» ይላል። ነገሩ ፍትሕ ይመስላል። ሲቈጠር ግን አምስት ቡታ ጋዝ፥ አምስት ብረት ድስት፥ አምስት ፖምፓና አምስት የመፍቻ ከረጢት ይሆናል።

አንድ ሰው ከነብስክሌቱና ከነጓዙ 90 ኪሎ ቢመዝን፥ ያን ክብደት 2300 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ ሰውነቱ ወደ 2000 ኪሎ ካሎሪ የሚደርስ ምግብ ያቃጥላል። ይህም ከአንድ ሰው የሙሉ ቀን ቀለብ ብዙ አያንስም። ዓሥር ኪሎ ትርፍ ጓዝ በዚያ ላይ ከ200 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይጨምርበታል። ስለዚህ ነው ጠጋኙ፥ «አንድ ቡታ ጋዝ፥ አንድ ፖምፓ፥ ሁለት ድንኳን ይበቃል» የሚለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና። ክፍፍሉም በቍጥር እኩል ሳይሆን በአቅም ልክ ይሆናል፤ ድንኳኑንና ውሃውን ብርቱዎቹ፥ ብርድ ልብሱንና ቀለል ያለውን ስንቅ ደካሞቹ ይይዛሉ።

ነገር ግን ይህ ውሳኔ ከክብደቱ የበለጠ ነገር አስከትሏል። ፖምፓው ከአንዱ፥ የካላማዳሪያው መጠገኛ ከሌላው፥ ምግቡም ከሦስተኛው ዘንድ ከሆነ ወዲያ፥ አምስቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ዋሶች ሆነዋል። ከመካከላቸው አንዱ ተለይቶ ቢቀድም የሁሉንም ዕቃ ይዞ መጥፋቱ ነው። ንግድ የሚያውቅ ሰው የጋራ ዋስትና ምን ማለት እንደ ሆነ አያጣውም።

ቁልቁለቱ

ከአሥመራ እስከ ጊንዳ ያለው መንገድ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ1300 ሜትር በላይ ይወርዳል። በዚህ መንገድ የሚፈተነው እግር ሳይሆን ፍሬን ነው። ጓዝ የጫነ ብስክሌት ሲወርድ ጉልበቱ ሁሉ በአየርና በፍሬኑ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ፍሬኑን ይዞ የማይለቅ ሰው ቸርኬውን ያግላል፤ የጋለውም ቸርኬ ካላማዳሪያውን ሊያፈነዳው ይችላል። የፊት ጎማ በጠመዝማዛ ላይ ቢፈነዳ ደግሞ በአንድ በኩል ያለው ግንብ፥ በሌላው በኩል ያለው ገደል ነው።

ልምድ ያለው ወራጅ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነቱን አጥብቆ ይቀንሳል፤ በመታጠፊያው ውስጥ ፍሬኑን ያላላል፤ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቀ ይይዛል። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩም ቆሞ ብረቱን ያበርዳል። ከወደቡ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ዳገቱን ሲወጡ በመታጠፊያው ላይ መንገዱን ሊሞሉት ስለሚችሉ፥ ወራጆች ቀኛቸውን ይዘው፥ አንዱ ከሌላው ራቅ ብለው፥ በአንድ ተርታ ይሄዳሉ። በዚህ አካባቢ ዝንጀሮዎች በመንጋ ሆነው መንገድ ዳር ይቀመጣሉ፤ የታየ ዳቦም የእነርሱ ነው።

ነፋሲት ሲደርሱ ቀና የሚል ሰው የደብረ ቢዘንን ተራራ ያያል። በ14ኛው መቶ ዘመን በአቡነ ፊልጶስ የተመሠረተው ገዳም በዚያ ጫፍ ላይ ነው። መነኮሳቱ የሚወጡት በእግር ስለ ሆነ፥ በብስክሌት የሚሄድ ሰው ስለ ዳገት ከማማረሩ በፊት ወደዚያ ቢመለከት ይበጀዋል።

ድንኳን ስለ መትከል

በጊንዳ አካባቢ ለማደር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ከአካባቢው አስተዳደር ይጠይቃል፤ ከዚያም የመንደሩን ሽማግሌ ያማክራል። ይህ ስለ ክብር ብቻ አይደለም። ምጽዋ በ1990 ከተያዘ በኋላ እስከ 1991 ድረስ የጦሩ ግንባር በዚህ በጊንዳ ዙሪያ ነበረ። ከጦርነት የተረፈ ፈንጂ የሚያመጣው አደጋ ዘመኑ በማለፉ አያልፍም። የሚረገጠውንና የማይረገጠውን መሬት የሚያውቀው በዚያ ከብት የሚያግድ ሰው ነው። ከተለመደው መንገድ ወጥቶ ያለ ጠያቂ ድንኳን የሚተክል እንግዳ ከእርሱ አልፎ ጓደኞቹን ለአደጋ ያጋልጣል።

ሁለተኛው አደጋ ውሃ ነው። ከተማሪው ዓይን ቶሎ የሚገባው ቦታ የደረቀው ወንዝ አሸዋ ነው፤ ደልዳላ ነው፥ ለስላሳ ነው፥ ድንጋይም የለበትም። እንዲህ ያለውን እንግዳ ያገኘ የአገር ሽማግሌ የሚመልሰው መልስ፥ «ልጄ፥ ይህ አልጋ የወንዙ ነው፤ ባለቤቱ በሌሊት ሊመጣ ይችላል» የሚል ነው። በእነዚህ ወንዞች ላይ ጎርፍ የሚመጣው በስፍራው ዝናም ሲዘንብ ብቻ አይደለም። በላይ በገደሉ ላይ የጣለ ዝናም፥ በታች ሰማዩ በከዋክብት ተሞልቶ ሳለ፥ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ ይደርሳል። ስለዚህ ድንኳን የሚተከለው ከወንዙ ዳር ከፍ ባለ፥ ጎርፍ ያመጣው ገለባና ቅርንጫፍ በማይታይበት መሬት ላይ ነው።

ሦስተኛው ነገር እንጨት ነው። ይህ ገደል ከደኑ የተረፈው ጥቂት ነው፤ ለአንድ ማታ ሻይ ሲባል የሚቈረጥ ዛፍ ሊኖር አይገባም። አንዱ ቡታ ጋዝ ለአምስቱም ይበቃል። ምግብ ከተበላ በኋላ የተረፈው ተሸፍኖ ይታሰራል፤ ዕቃው ወደ ድንኳን ይገባል፤ ጠጋኙም ከመተኛቱ በፊት በባትሪ ብርሃን የየብስክሌቱን ጎማ ይዳስሳል። የዚያ ማታ ወሬ፥ የቈላው ሙቅ አየርና የከዋክብቱ ብዛት በገንዘብ የማይገዛ ነው።

እስከ ባሕሩ

በማግሥቱ መንገዱ እየዘረጋ ይሄዳል። በማዕድን ውሃው በታወቀው በዶንጎሎ አካባቢ ከታለፈ በኋላ አገሩ ይደርቃል፤ ከዚህ ወዲያ በየሰዓቱ ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ውሃ ሳይጠጡ መሄድ አይቻልም። ከምጽዋ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር ዶጋሊ ይደረሳል። በጥር ወር 1887 ራስ አሉላ 500 ያህል የኢጣልያ ወታደሮችን ገጥመው ከ400 በላይ የሚሆኑት የወደቁት በዚህ ስፍራ ነው። በኋላ ኢጣልያኖች በአካባቢው በሠሩት ድልድይ ላይ በፒየሞንቴ ቋንቋ «የፈለገውን ያህል ዋጋ ያስከፍል» የሚል ትርጕም ያለው ቃል ቀርጸውበታል። ወጪን ሳይቈጥሩ ወደ ላይ ለመውጣት መነሣት ምን እንደሚያመጣ ያ አገር ሲመሰክር ኖሯል፤ ለብስክሌተኛም የሚያስተምረው ነገር አለ።

ምጽዋ ሲገቡ ደሴቶቹን ከየብስ ጋር በሚያገናኘው ግንብ መንገድ ላይ የባሕሩ ነፋስ ይቀበላል። በየመኖች ልማድ በጋለ የሸክላ ምድጃ የተጠበሰ ዓሣ በልቶ፥ ማምሻውን ባሕር ዳር አርፎ፥ ጓደኛ ሁሉ ደስ ብሎት ይተኛል። ያበደረው መንገድ ግን ከበስተጀርባው ቆሞ ይጠብቃል።

ዳገቱ

መመለሻው በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው ብስክሌቱን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስሮ መሳፈር ነው። ሁለተኛው መውጣት ነው። የትኛውም ቢሆን ውሳኔው የሚደረገው በምጽዋ ሳይሆን በአሥመራ ነው። የአምስቱም የአውቶቡስ ዋጋ በአንድ ከረጢት ተቀምጦ፥ በመንገድ ላይ ለሌላ ነገር ላይነካ ይቈጠራል። ይህ ገንዘብ የጉዞው መጠባበቂያ ነው፤ ባያስፈልግ ለባለቤቶቹ ይመለሳል።

ለመውጣት የቈረጡ ሰዎች ከምጽዋ የሚነሡት ጎሕ ሳይቀድ ነው። በመጀመሪያው ቀን እስከ ጊንዳ ወጥተው ያድራሉ። በሁለተኛው ቀን ዋናው ክፍያ ይመጣል። ጓዝ የጫነ ሰው በዚህ ዳገት በሰዓት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሄድ፥ ጊንዳንና አሥመራን የሚለየው መንገድ ያለ ዕረፍት ስድስት ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ከፍ ባለ ቍጥርም አየሩ ይሳሳል፤ በአሥመራ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ አበዳሪው የመጨረሻውን ገንዘብ የሚጠይቀው ባለዕዳው ትንፋሽ ባጠረው ስፍራ ነው።

ማኅበር የሚፈተነው በዚህ ነው። ከነፋሲት በላይ ነጋዴው ወደ ኋላ መቅረት ይጀምራል። ተማሪው ጉልበት ስላለው ይቀድማል፤ ጓደኞቹን ትቶ የሄደም አይመስለውም፤ በላይ ሆኖ እጠብቃለሁ ይላል። ነገር ግን ፖምፓው ከእርሱ ዘንድ ነው። ጉም ወርዶ መንገዱን ቢሸፍነው፥ የነጋዴውም ጎማ ቢተነፍስ፥ በታች ያለው ሰው መጠገኛ ይዞ የሚነፋበት ያጣል፤ በላይ ያለውም ፖምፓ ይዞ ማን እንደ ተቸገረ አያውቅም። ሁለቱም በጭነት መኪና መንገድ ላይ፥ በማይታይበት ጉም ውስጥ ቆመዋል። አደጋ የሚባለው ይህ ነው፤ ዳገቱ ብቻውን ማንንም አልጐዳም።

ጠጋኙ ነገሩን አይቶ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ ፊት ይሁኑ፤ እኛ እንከተልዎታለን» ይላል። ነጋዴው አፍሮ፥ «እኔ አዘገያችኋለሁ፤ እናንተ ቅደሙ» ቢለውም ጠጋኙ አይሰማም። ከዚያ ወዲያ ደካማው ይመራል፤ ጠጋኙ በመጨረሻ ይሆናል፤ ተማሪውም የአጎቱን ብርድ ልብስ በድንኳኑ ላይ ይደርባል። በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ይቆማሉ፤ ጥቂት ቴምርና ዳቦ ይቀምሳሉ፤ ውሃ ይጠጣሉ። ፍጥነታቸው ያንሳል፤ መድረሻቸው ግን የታወቀ ይሆናል። ነጋዴው በእውነት ከደከመ፥ ወይም ጉሙ ከከበደ፥ የተቀመጠው ከረጢት ይከፈታል፤ አምስቱም በአንድነት ወደ አውቶቡስ ይወጣሉ። አንዱን አሳፍሮ አራቱ በብስክሌት መቀጠል የተፈቀደ ቢሆንም፥ አብረው የተበደሩትን ዕዳ ለአንዱ ጥሎ የመሄድ ያህል ነውና ደግ ጓደኛ አይመርጠውም።

ለሹማምንትና ለነጋዴዎች የሚበጅ ነገር

እንዲህ ያለ ጉዞ የወጣት ጨዋታ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ብስክሌተኛ ነዳጅ አይፈጅም፤ በየከተማው ግን ቆሞ ይበላል፥ ይጠጣል፥ ያድራል። በነፋሲትና በጊንዳ ካላማዳሪያና የፍሬን ላስቲክ የሚሸጥ አንድ ሱቅ፥ ንጹሕ ውሃ የሚቀዳበት አንድ ቧንቧ፥ ከፈንጂና ከጎርፍ ነጻ መሆኑ ተረጋግጦ በድንጋይ የተከለለ አንድ የድንኳን ቦታ፥ ጉም መኖሩን የሚያስታውቅ አንድ ሰሌዳ ብዙ ወጪ የሚጠይቁ ነገሮች አይደሉም። ለነጋዴው ገበያ፥ ለአስተዳዳሪውም የደኅንነት ሥራ ናቸው።

ከዚህ የቀረው የተጓዦቹ ፈንታ ነው። ወራቱን መርጠው፥ ፍሬናቸውን አስፈትሸው፥ ጓዛቸውን በአቅም ተካፍለው፥ የመመለሻቸውንም ዋጋ አስቀድመው አስቀምጠው ይውረዱ። ከአሥመራ አምስት ሆነው ከተነሡ ወደ አሥመራም አምስት ሆነው ይግቡ፤ የጉዞው ሒሳብ የሚዘጋው ያን ጊዜ ነው።